ከዳኝ ነው ካደኝ? የክህደት ቃላትን ቦታ ቦታቸው ላይ ስለማዋል

አማርኛ ላይ ሰው ሰውን ጉድ ሲሠራ የምንጠራበት ቃል መዓት ነው፣ ችግሩ ግን ሁሉንም ጨፍልቀን አንድ ላይ እንጠቀማቸዋለን፣ ብድሩን ያልመለሰውም ባንዳ፣ ፓርቲ የቀየረውም ባንዳ፣ የአርሰናል ደጋፊ ሆኖ ለማንቼ ጎል ያጨበጨበውም ባንዳ። እንደዛ ሲሆን ቃሉ ጉልበቱን ያጣና እውነተኛው ሲመጣ የምንጠራበት ይጠፋናል። ይሄን የምጽፈው በተለይ ስክሪፕት ለሚጽፉ፣ ካፕሽን ለሚያሰባጥሩ፣ ውጪ ተወልደው አማርኛን ከእናታቸው አፍ ብቻ ለለመዱ ልጆች፣ እና ደግሞ ያው ተናደው ለሰው ቴክስት ሊልኩ ጣታቸው ስልኩ ላይ ላለ ሰዎች ነው። አንድ ጥያቄ ብቻ ያዙ፣ የተሰበረው ምንድነው? ቃል ነው? አደራ ነው? ውለታ ነው? ትዳር ነው? ሀገር ነው? አማርኛ ለእያንዳንዱ የየራሱን ስም ሰጥቶታል፣ የተሰበረውን ካወቃችሁ ቃሉ ራሱ ይመጣል።

ከዳ እና ካደ

ብዙ ሰው እዚህ ጋ ስለሚምታታበት ከዚህ እንጀምር። ሁለቱ የተለያዩ ግሶች ናቸው። ከዳ ማለት አብሮህ የነበረ ሰው ጥሎህ ሄደ ወይ ወደ ሌላ ወገን ዞረ ነው። ካደ ማለት ደግሞ የሆነውን አልሆነም፣ የሚያውቀውን አላውቅም፣ የወሰደውን አልወሰድኩም አለ ነው። ለማስታወስ ከፈለጋችሁ ጴጥሮስና ይሁዳን አስቧቸው፣ ሁለቱም በአንድ ሌሊት ነው ያደረጉት ግን ቃላቸው ይለያያል፣ ጴጥሮስን መጽሐፉ «ዶሮ ሳይጮኽ ሦስት ጊዜ ትክደኛለህ» ነው የሚለው፣ አላውቀውም ብሎ ስለማለ። ይሁዳን ግን «አሳልፎ የሚሰጠው» ይለዋል። ጴጥሮስ ካደ፣ አለቀሰ፣ ተመለሰ። ይሁዳ ከዳ፣ ሸጠ። በነገራችን ላይ ኦርቶዶክሱ በሰሞነ ሕማማት የማይሳሳመውና የማይጨባበጠው በዚሁ በይሁዳ ስሞሽ ምክንያት ነው፣ ስለዚህ አንድ ሰው ፊት ለፊት እያቀፈ ከኋላ የሚሸጥ ከሆነ «የይሁዳ ስሞሽ» ብትሉት ማንም ይገባዋል፣ ማብራራት አያስፈልግም።

አረባባቸው ላይ ነው ጉዱ። ከዳ ሲሆን ይከዳል፣ ከድቶ፣ መክዳት፣ ከዳተኛ ነው የሚባለው። ካደ ሲሆን ይክዳል፣ ክዶ፣ መካድ፣ ከሃዲ። ስለዚህ «ከድቶኛል» ካላችሁ ጥሎኝ ሄዷል ማለታችሁ ነው፣ «ክዶኛል» ካላችሁ አላውቅህም ወይ አልወሰድኩም ብሎኛል ማለት ነው። «ተከዳሁ» እና «ተካድኩ»ም እንደዛው። ክህደት የሚለው ስም መነሻው ካደ ነው ግን ዛሬ ለሁለቱም ያገለግላል፣ ሚስቱን የከዳውም «ክህደት ፈጸመባት» ይባላል፣ እዚህ ላይ የሚከራከር ካለ ሰፈር ውስጥ ማንም አይሰማውም። ሃይማኖት ሲሆን ግን ምርጫ የለም፣ ሃይማኖቱን ካደ ነው እንጂ ሃይማኖቱን ከዳ አይባልም። ፍርድ ቤት ደግሞ ካደ ስድብነቱ ይጠፋል፣ «ተከሳሹ ድርጊቱን አልፈጸምኩም ሲል ክዶ ተከራክሯል» የሚል ዜና ስታነቡ ሰውዬው ላይ የተለጠፈ ስድብ አይደለም፣ ጥፋተኛ አይደለሁም አለ ነው በቃ። ከሃዲን በየትኛው ሀ ልጻፈው ለሚል፣ ግዕዙን ከተከተላችሁ በሐመሩ ሐ ነው፣ ክሕደት፣ ከሐዲ። በተለምዶ ግን በሁሉም ይጻፋል ማንም አያርማችሁም።

ከዳ ሰው ላልሆነም ነገር ይሆናል፣ ይሄን የውጪ ልጆች ብዙም አይጠቀሙትም ግን በጣም ያምራል። ጉልበቴ ከዳኝ፣ ዓይኔ ከዳኝ፣ ዕድሌ ከዳኝ፣ መድረክ ላይ ወጥታ ድምጿ ከዳት። ስልኬ በዋናው ሰዓት ከዳኝ እያሉም ይቀልዳሉ። ሁሉም ላይ ሐሳቡ ያው ነው፣ የኔ ነው ብዬ የተደገፍኩበት ነገር ነው የሄደው። ለዚህ ነው ጠላት ሊከዳችሁ የማይችለው፣ ከዳ ለማለት መጀመሪያ የናንተ መሆን አለበት። ጠላት ያጠቃል፣ ይወጋል፣ ይዋሻል፣ አይከዳም። ወዳጅ ሲሆን ነው «ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ» የሚባለው።

ብዙ ጊዜ ቃሉ እንኳን አያስፈልግም

አማርኛ የክህደት ቃል ሳይጠራ ክህደት የሚናገርበት መንገድ አለው፣ ያቺ ብኝ፣ ብህ፣ ባት የምትለዋ ናት። «ሌላ ያዘ» ብትሉ ዜና ነው፣ «ሌላ ያዘብኝ» ብትሉ ክስ ነው። «አወራ» እና «አወራብኝ»፣ «አገባ» እና «አገባብኝ»፣ «ጠቆመ» እና «ጠቆመበት»። አንዲት ሴት ቡና ላይ ስኒዋን አስቀምጣ «ይኸውልሽ እቴ፣ በላዬ ላይ ሌላ ያዘብኝ» ስትል ከሃዲ የሚል ቃል አልተነሳም፣ ስም አልተጠራም፣ ግን ጎረቤቷ ወዲያው እጇን አፏ ላይ አድርጋ «ውይ በሞትኩት!» ነው የምትለው። ዲያሎግ የምትጽፉ ሰዎች እባካችሁ ይሄን ተጠቀሙበት፣ ሰው ተጎድቶ ሲያወራ «ክህደት ፈጸምክብኝ» አይልም፣ ይሄ የክስ ቻርጅ ቋንቋ ነው፣ ድራማ ላይ ስሰማው ሁልጊዜ ከአቃቤ ሕግ አፍ የወጣ ነው የሚመስለኝ። ሰው የሚለው «እንዲህ ታደርገኝ?» ነው፣ «ጉድ ሠራኸኝ» ነው፣ «አስበላኸኝ» ነው፣ በጣም ሲብስ ደግሞ ምንም ሳይል «አይ ሰው!» ብሎ ጭንቅላቱን ይነቀንቃል።

ገንዘብና አደራ

እዚህ ዋናው ግስ በላ ነው። አደራ በላ፣ እቁብ በላ፣ ብሬን በላኝ፣ ላቤን በላው። እቁብ ላይ መጀመሪያ ዕጣ የወጣለት ሰውዬ ብሩን ወስዶ ከዛ መጣል ቢያቆም «ከዳን» የሚል የለም፣ «እቁቡን በላ» ነው፣ ዋስ ጠርቶ ከሆነ ደግሞ «ዋሶቹን አስበላ» ነው፣ የእቁቡ ዳኛም ጸሐፊም ወደ ዋሶቹ ይሄዳሉ። ቤቱ ድረስ ሄደው ሲጠይቁት «የምን እቁብ? ድሮ ጨርሻለሁ» ካለ ያኔ ነው ካደ የሚባለው፣ መብላት አንድ ነገር ነው፣ በልቶ መካድ ሁለተኛ ነው፣ ሁለቱን ነጥላችሁ ተጠቀሙ። መሥሪያ ቤት ሲሆን ቃሉ ይለሰልሳል፣ ገንዘብ ያዡ «ጎደለበት» ከተባለ ገና እሱ ይውሰደው ማንም ይውሰደው አልታወቀም፣ «አጎደለ» ከተባለ ግን ጣት ተቀስሮበታል። አንዲት ፊደል ናት ግን ሰው ከሥራ ታስባርራለች።

ሕጉም ከዚሁ ከሰው አፍ ነው የወሰደው፣ በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 675 ላይ ስሙ «እምነት ማጉደል» ነው፣ አምነህ የሰጠኸውን ነገር ለራሱ ያደረገ ሰው ማለት ነው። ከመጀመሪያው ዋሽቶ አሳምኖህ ከወሰደ ደግሞ ሌላ ነው፣ አታላይነት ይባላል፣ አንቀጽ 692። ሰዎች ፖስት ላይ «አጭበርብሮኛል» እና «እምነቴን አጉድሎብኛል» ሲያቀላቅሉ ሳይ ይቆጨኛል፣ ምክንያቱም ሁለተኛው ላይ ቀድሞ መተማመን ነበር፣ አንደኛው ላይ ገና ከበሩ ውሸት ነው።

ጅዳ ወይ ቤይሩት ሆና ሠርታ ለወንድሟ ብር ስትልክ የኖረች ልጅ፣ ቦታ ግዛልኝ ብላ፣ ስትመለስ ቦታም የለ ብርም የለ፣ ይሄ ታሪክ ያልደረሰበት ሰፈር የለም። እሷ ምን እንደምትል አዳምጡ፣ «ላቤን በላው» ነው የምትለው፣ ወይ «አደራዬን በላ»፣ ከሃዲ አትለውም ወንድሟ ነዋ። ሙስሊም ከሆነች አማና የሚለውን ታመጣዋለች፣ «አማናዬን በላ»፣ ይሄ ከአደራ እኩል ነው እንዲያውም ሃይማኖት ስላለበት ይከብዳል። የሚገርመው ግን ይቺው ልጅ ከማዳሟ ቤት ሳትነግር ወጥታ ሄዳ ከነበረ ማንም «ማዳሟን ከዳች» አይልም፣ «ጠፋች» ነው የሚባለው። ለምን? መጀመሪያ የተሰጠ መተማመን የለማ። ቋንቋው ማን ለማን ዕዳ እንዳለበት በደንብ ያውቃል።

ውለታ

ውለታ የረሳ ውለታ ቢስ ነው፣ ይሄ ቀላሉ ነው። ከፍ ሲል የበላበትን ወጪት ሰባሪ ይሆናል፣ እዚህ ላይ መርሳት ብቻ አይደለም፣ ያበላውን ሰው መልሶ ጎድቷል። «ያጎረስኩት እጄን ነከሰኝ»ም እዛው ነው። ከሁሉም ላይ ያለው የእናት ጡት ነካሽ ነው፣ ይሄ ያሳደገውን፣ ያስተማረውን፣ ሰው ያደረገውን ለጎዳ ነው፣ ፖለቲከኞቻችን በጣም ስለሚወዱት ከመግለጫ አይጠፋም፣ እኔ ግን ለቤተሰብ ብቻ ቢቀር እመርጥ ነበር ምክንያቱም እናት ውስጡ አለች። እፉኝት የሚባለውም የዚሁ ዘመድ ነው፣ ልጆቿ የእናታቸውን ሆድ ቀደው ይወጣሉ ስለሚባል ካሳደገው ሰው ላይ ለተነሳ ይሰጣል፣ በጣም ከባድ ነው፣ ቀልድ ላይ አይሄድም። «ለሰው ሞት አነሰው» ግን ለራስ የሚባል ነው፣ ስድብ አይደለም፣ ብዙ ደግ ሠርቶ የተጎዳ ሰው ማንንም ሳይጠራ የሚተነፍስበት ነው።

ትዳርና ፍቅር

ከተሜው አሁን ቺት አደረገ ይላል፣ በቃ ገብቷል ቃሉ፣ ቺት አደረገብኝ ካላችሁ ከነአማርኛ ሰዋስዉ ነው። ከዛ በፊት የነበሩት ግን ክብደታቸው አይመሳሰልም። ወሰለተ ትንሽ ሳቅ አለበት፣ «ወስላታ ነው እሱ» ሲባል ግማሹ ወቀሳ ግማሹ ፈገግታ ነው፣ ደግሞ አስተውሉ ብዙ ጊዜ ለወንድ ነው። ማገጠ ግን ምንም ሳቅ የለበትም፣ እና ብዙውን ጊዜ ሴት ላይ ነው የሚወርደው። አንድ ዓይነት ጥፋት፣ እሱ ወሰለተ እሷ ማገጠች! ይሄን ያመጣው ቋንቋው ሳይሆን እኛ ነን፣ ጽሑፍ ላይ ብትጠቀሙ ቢያንስ አውቃችሁ ተጠቀሙ። አመነዘረ የቤተክርስቲያንና የሕግ ነው፣ ቡና ላይ ከተባለ ሰውዬው ሰባኪ ነው። ልቡ ሸፈተ ደግሞ ገና ምንም ያልተደረገበት ነው፣ ሰውየው ቤት አለ፣ እራቱን ይበላል፣ ስልኩን ግን ፊቱን ወደ ታች አድርጎ ማስቀመጥ ጀምሯል። ለዚህ ደረጃ ከዚህ የተሻለ ቃል የለንም። ሸፈተ ራሱ ከድሮም ሙሉ በሙሉ መጥፎ ቃል አይደለም፣ ፍትሕ ጎድሎበት ዱር የገባም ሽፍታ ነው፣ አፄ ቴዎድሮስም ካሳ ኃይሉ ሳሉ ሸፍተው ነው የተነሱት፣ ስለዚህ «ልቤ ሸፈተ» የሚል ሰው ምናልባት ምክንያት ይኖረዋል።

ጓደኛዋ ፍቅረኛዋን ብትወስድባት ጠለፈችብኝ ወይ ነጠቀችኝ ትላለች፣ ከዳችኝ የምትለው ግን ጓደኛዋን እንጂ ልጁን ላይሆን ይችላል። የሚያመው የትኛው እንደሆነ ከቃሉ ታውቁታላችሁ።

ምስጢር

እዚህ ብዙ አልቆይም። ልጆች ትምህርት ቤት አሳባቂ ይላሉ፣ ለቲቸር የሚናገር። ትልቅ ሰው ላይ አሳባቂ ማለት ሕፃን ነህ ማለትም ጭምር ነው። የነገርኩትን ሁሉ አንድ ሳያስቀር አወጣብኝ ሲሆን ዘከዘከው፣ ጆንያ ገልብጦ እንደመዘርገፍ ነው። ጠቆመ ደግሞ በማን አፍ እንደሆነ እዩ፣ ለፖሊስ ጥቆማ መስጠት ጥሩ ዜግነት ነው፣ ጎረቤቱን ጠቋሚ የተባለ ሰው ግን በተለይ በደርግ ጊዜ የኖሩ ሰዎች ፊት ቃሉ ደም አለበት። ጆሮ ጠቢ ለመንግሥት ወሬ የሚለቅም ነው። በሁለት ቢላዋ የሚበላ ከዚህም ከዚያም ነው፣ እሱ እንኳን ከዳ ለመባል አንድ ጊዜም የማንም ሆኖ አያውቅም።

ሀገር፣ ባንዳና ሌሎቹ

አሁን ወደ ከባዱ። ባንዳ የጣልያንኛ ቃል ነው፣ ጭፍራ ቡድን እንደማለት፣ ጣልያን ኤርትራ ላይ ከተተከለ ጀምሮ ከአካባቢው ሰው እየመለመለ ያሰለፈው መደበኛ ያልሆነ ጦር ነበር ባንዳ የሚባለው፣ መደበኛ ወታደሩ አስካሪ ነው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው ወረራ ጊዜ ደግሞ ከጠላት ጋር ሆኖ አርበኛውን ያሳደደ ሁሉ በዚህ ስም ተጠራ፣ ከዛ በኋላ ስድብ ሆኖ ቀረ። ከዚህ የምንይዘው ነገር ባንዳ ለማለት ሁለት ነገር ያስፈልጋል፣ አንድ የውጪ ወራሪ፣ ሁለት ለሱ ያደረ የሀገር ልጅ። ሁለቱ ከሌሉ ቃሉ አይቆምም። በምርጫ ሌላ ፓርቲ የመረጠ ሰው ባንዳ አይደለም፣ የተለየ ሐሳብ የጻፈ ጋዜጠኛም፣ ውጪ ሀገር ሄዶ ፓስፖርት የቀየረውም። ወራሪው የታለ? «የባንዳ ልጅ ልጅ» የሚለው ደግሞ ከሁሉም የባሰ ነው፣ አያቱ በ1929 ምን እንደሠራ ያላየ ሰው ዛሬ ኮሜንት ሥር የልጅ ልጁን ይፈርድበታል።

ደጃዝማች ኃይለ ሥላሴ ጉግሳን ውሰዱ። የንጉሠ ነገሥቱ የአፄ ኃይለ ሥላሴ አማች ነበሩ፣ ልዕልት ዘነበወርቅን አግብተው፣ በ1928 ጦርነቱ ገና እንደተጀመረ ወደ ጣልያን ገቡ። ስለሳቸው ሲወራ ባንዳም ይባላል ግን የሽማግሌዎቹ ቃል «ከዱ» ነው፣ ምክንያቱም የሚያመው ጣልያን ጋ መሄዳቸው ብቻ አይደለም፣ ከየት ተነስተው እንደሄዱ ነው። አማችነት፣ ሹመት፣ የታመነ ግንባር፣ ይሄን ሁሉ ባንዳ የሚለው ቃል አይናገርም፣ ከዳ ግን ይናገራል። ደመወዝ ፈልጎ የተቀጠረ ምስኪን ገበሬ ባንዳ ሊሆን ይችላል፣ ከዳ ለማለት ግን ከፍ ብሎ መታመን ይጠይቃል።

አሁን ገልብጡት። አድዋ ሊሆን ጥቂት ሳምንት ሲቀረው፣ የካቲት 1888 ላይ፣ ከጣልያን ጋር የነበሩት ራስ ስብሐትና ደጃዝማች ሐጎስ ተፈሪ ወደ ምኒልክ ወገን ዞሩ። በጣልያን መዝገብ ይሄ ክህደት ነው። እኛ የምንለው «ገቡ» ነው፣ «ከጣልያን ከድተው ለወገናቸው ገቡ»፣ ገባ የሚለው ቃል ቤት ያለው ሰው ወደ ቤቱ የተመለሰ ያስመስለዋል። ባሻ አውአሎም እንደዛው፣ ጣልያን የኔ ሰላይ ነው ብሎ ሲያምነው ያሳሳተ ወሬ አቀብሎ ጉድ ሠራቸው፣ እኛ ጋ ሰላይ የሚለው ስድብ እሱ ላይ ሲሆን ሽልማት ነው። ስለዚህ ታሪክ ስትጽፉ ከዳ፣ ገባ፣ ኮበለለ፣ እጁን ሰጠ፣ ከነዚህ አንዱን ስትመርጡ የቆማችሁበትን ቦታ አሳይታችኋል፣ ገለልተኛ ነኝ ብትሉም ግሱ ያጋልጣችኋል። ገለልተኛ መሆን ካስፈለገ «ወደ እገሌ ወገን ተሻገረ» ወይ «ጎራ ቀየረ» በሉ።

ዛሬም ያው ነው፣ ለስብሰባ ወይ ለውድድር ወጥቶ ያልተመለሰ ሰው በመንግሥት አፍ ኮበለለ ነው፣ በተቆጣ አለቃው አፍ ከዳ ነው፣ በእናቱ አፍ ደግሞ «እዚያው ቀረ» ነው፣ አንዳንዴም «ቀናው»።

ባንዳን ከመወርወራችሁ በፊት ሌላም ነገር አለ፣ የውስጥ አርበኛ የሚባል። በወረራው ጊዜ ጠላት ከተማ ውስጥ ሆነው፣ ከጣልያን ጋር እየተገናኙ፣ ለአርበኛው መሣሪያና ወሬ የሚያቀብሉ ሰዎች ነበሩ። ሸዋረገድ ገድሌ ከነሱ አንዷ ናቸው፣ አዲስ አበባ ሆነው ለአርበኞች ሲያቀብሉ ተይዘው ተሰቃዩ፣ ጣልያን ሀገር ድረስ ተግዘው ታሰሩ። እንደሳቸው ያለ ሰው ከውጪ ሲታይ ከጠላት ጋር የሚውል ነው የሚመስለው፣ ያኔ ፌስቡክ ቢኖር ኖሮ ስንቱ ባንዳ ብሎ ይለጥፍባቸው ነበር።

የአብዮቱ ዘመንም የራሱን ቃላት ትቶልናል። አድርባይ፣ ነፋስ ወደ ነፈሰበት የሚያድር፣ መሀል ሰፋሪ፣ ያልወሰነ፣ ሰርጎ ገብ፣ የኛ መስሎ የገባ፣ አንጃ፣ ከውስጥ የተገነጠለ፣ ይሄኛው ኢሕአፓ ውስጥ ብዙ ሰው የተጠፋፋበት ቃል ነው። አድርባይ ብቻ ነው ከነሱ እስከ ዛሬ በየቢሮው በደንብ የሚሠራው፣ ሥራ አስኪያጅ በተቀየረ ቁጥር። ሆድ አደርም ይቀርበዋል ግን ይለያል፣ አድርባይ ወንበሩን ፈርቶ ነው፣ ሆድ አደር ተከፍሎት ነው። አሻጥር ደግሞ ሥራ ውስጥ ሆኖ ሥራ ማበላሸት ነው፣ ዘይት የደበቀ ነጋዴ ሁሉ «የኢኮኖሚ አሻጥር» ሲባል ትሰማላችሁ።

ሃይማኖት ላይ ስትጽፉ አንድ ጥንቃቄ። መናፍቅ ኦርቶዶክሱ ዘንድ ትምህርቱን ያጣመመ ማለት ነው፣ ሙናፊቅ ሙስሊሙ ዘንድ ላዩ አማኝ ውስጡ ያልሆነ ማለት ነው፣ ድምፃቸው ስለተቀራረበ ብቻ አንድ አይሆኑም። ማተቡን በጠሰ የክርስቲያን አነጋገር ነው፣ ሃይማኖቱን ለተወም ቃሉን ለበላም ይሆናል፣ ሙስሊም ገጸ ባሕርይ አፍ ውስጥ ካስገባችሁት ሰው ይስቅባችኋል።

ፊት ለፊት ስትናገሩ

ከኋላ የምንለውና ፊት ለፊት የምንለው አንድ አይደለም። ፊት ለፊት መሰላል አለ፣ ከታች «ቅር ብሎኛል» ነው፣ ከዛ «አስቀይመኸኛል»፣ ከዛ «በድለኸኛል»፣ ከዛ «ጉድ ሠራኸኝ»፣ ከዛ «ከዳኸኝ»። ከታች ጀምሩ። ከላይ ከጀመራችሁ መውረጃ የለም፣ ሰውየው ይቅርታ ለማለት ቢፈልግ እንኳን ከሃዲነቱን አምኖ መጀመር አለበት፣ ማን ያደርገዋል? ለጓደኛ ከሆነ «ስማ፣ ያንን ነገር ለነእንትና መንገርህን ሰማሁ፣ ካንተ አልጠበቅኩም» በቂ ነው፣ ካንተ አልጠበቅኩም የሚለው ብዙ ሥራ ይሠራል፣ አምኜህ ነበር ማለቱም እዛው ውስጥ አለ። ለታላቅ ሰው ከሆነ ጭራሽ ክህደት አይጠራም፣ «ጋሼ፣ እርስዎን እንደ አባቴ ነበር የማይዎት፣ ይሄን ነገር ከሌላ ሰው ብሰማ አላምንም ነበር» ትላላችሁ፣ ቃሉ የለም ግን ጋሼ የዛን ቀን እንቅልፍ የላቸውም። እትዬ ከሆነች ምናልባት ለሌላ ዘመድ ነግራችሁ እንዲደርሳት ማድረግ ይሻላል።

ሽምግልና ከተቀመጣችሁ ደግሞ ሽማግሌዎቹ ራሳቸው ቃሉን ያወርዱላችኋል። እናንተ «ከድቶኛል» ስትሉ አንዱ ጋቢውን አስተካክሎ «እሺ፣ ማለት ቅሬታ አለህ» ይላል፣ አትናደዱ፣ ሥራው ነው፣ በደል ካሣ አለው፣ ክህደት ግን ተመን የለውም፣ ተመን የሌለውን ነገር ደግሞ ሽማግሌ መዳኘት አይችልም። ስለዚህ የሚቆጠረውን ነገር በበደል ስም አቅርቡ፣ ብሩ ይሄን ያህል፣ የተባለው ነገር ይሄ፣ የሰማው ሰው እገሌ። ከታረቃችሁ በኋላ ያቺ ቃል ትቀበራለች፣ እየሳቃችሁ እንኳን «አንተ እኮ ከድተኸኝ ነበር» ማለት ነውር ነው። ማንሳት የግድ ከሆነ «ያኔ የተቀያየምን ጊዜ» ትባላለች።